ትንፋሽህን ያዝ ያለኝ ድምፅ

ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው በትኩሳት ውስጥ ሆኜ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ነገር ቅደም ተከተሉ የተዛባ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ያልነበረ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ የአንድን ምስክር ቃል ከሌላ ምስክር ጋር ሳያመሳክሩ መቀበል እንደማይገባ ለሌሎች ስናገር ኖሬአለሁ። አሁን ምስክሩ እኔ ራሴ ስሆን ያንኑ ጥርጣሬ በራሴ ላይ ማዋል ግድ ሆነብኝ። የማልጠራጠረው ሕመሙን ብቻ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ገደማ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስሄድ፣ ድንገት አጥንቴ ድረስ የዘለቀ ብርድ ተሰማኝ። ፀሐይ የነበረች ይመስለኛል፤ ሰዎች ኮታቸውን በክንዳቸው ላይ ጥለው ሲያልፉኝ ይታየኛል። እኔ ግን ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ከፊቴ ያለው ዳገት ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ዳገት መሆኑ ቀርቶ፣ አንድ ሰው እሱን አስመስሎ የሠራው ሌላ ዳገት መሰለኝ። እንደምንም ወጥቼ በቀጥታ ፍስሐ ሱቅ ገባሁ።

ፍስሐ አብሮ አደጌ ነው። መተዳደሪያው ሰዓት መጠገን ቢሆንም እውነተኛ ሙያው ቀልድ ነው። ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉያ ሳያወልቅ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከፍሪጅ ነው እንዴ የወጣኸው?»

«በርዶኛል።»

«ጎንህንስ ለምን ጨብጠህ ያዝከው? የሚሰርቅህ አለ?»

ቀኝ ጎኔን እንደያዝኩ አላወቅሁም ነበር።

«ገባኝ» አለ ፍስሐ። «ስንት ዓመት ዱለት ስትበላ ኖረህ፣ ዛሬ በጎቹ ተሰብስበው ሊጠይቁህ መጥተዋል።»

ማኪያቶ አስመጣልኝ። ሁለት ጊዜ ፉት ብዬ ተውኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መጀመሪያ የገባሁባት ክሊኒክ ትንሽና ንጹሕ ነበረች። ደም ሰጠሁ፣ ወረፋ ጠበቅሁ፣ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት» ተባልኩ። በዚህ ከተማ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች ሳይሰማ የሚወጣ አይመስለኝም፤ ስለዚህ አልደነገጥኩም። መድኃኒቱን ስጨርስ ትኩሳቱ ለጥቂት ጊዜ ረገብ ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ቦታ፣ ከጎድን አጥንቴ በታች የሚሰማኝን ሕመም ሰምተው ጨጓራ ነው አሉኝ። ቀኝ ትከሻዬንም ያመኝ ስለነበር «ይህስ?» ብዬ ብጠይቅ «አተኛኘትዎ ይሆናል» ተባልኩ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ የጉበት ሕመም አንዳንድ ጊዜ በነርቭ ዞሮ ትከሻ ላይ ይሰማል። ማንንም ለመውቀስ አልጽፈውም፤ እኔም ብሆን ትከሻዬንና ጉበቴን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም። ለአንባቢዬ የምለው ግን አለኝ፦ መድኃኒት ወስደውለት እየተመለሰ የሚያስቸግር ትኩሳት ካለብዎት፣ ውስጤ በምስል ይታይልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እየከሳሁ ስሄድ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘውዴ ፍራሿን አስጭና ከእሪ በከንቱ ሰፈር መጣች፤ ከሥላሴ በታች በተከራየሁት ቤት አብራኝ ልትሰነብት። እናታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሽበቴን እያየች ዛሬም «ማሙሽ» ትለኛለች። ደረጀ የሚለውን ስሜን የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው።

ትኩሳቱ ቀኑንና ሌሊቱን አደባለቀብኝ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ፒያሳ ነኝ። ያደግንበት ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ቦታው ሰፊ መንገድና የተከረከመ ሣር ሆኗል፤ በትኩሳቴ ውስጥ ግን ሁሉም እንደ ነበረ ነው። ከጊዮርጊስ ቁልቁል እወርዳለሁ። የወርቅ ቤቶቹ መስኮቶች ይበራሉ፣ ውስጣቸው ግን ሰው የለም። የእንጨት ሰገነት ያላቸው አሮጌ ቤቶች ውኃ ላይ እንደ ቆሙ ሁሉ ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ፣ ጎረቤቶቻችን የሞቱትም ያሉትም በየበራቸው ቆመው እጅ ይነሡኛል፤ ወዴት ትሄዳለህ የሚለኝ ግን አንድም የለም። የቤታችንን በር ስከፍት ውስጡ ቤት አይደለም። ጠበል ነው። ከጥቁር ድንጋዮች መካከል ውኃ ሊወርድ ያጉረመርማል፤ እኔ ራቁቴን ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ።

ይህ ከእውነተኛ ትዝታ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ ሰውነቴን ሽፍታ አስቸግሮኝ እትዬ ዘውዴ ጠበል ታስጠምቀኝ ነበር። ውኃው በረዶ ነው። እንዳልሸሽ ከፊቴ ቁጢጥ ብላ እግሬን ትጨብጥና፣ ውኃው ከመውረዱ በፊት «ማሙሽ፣ ትንፋሽህን ያዝ!» ትለኛለች። እይዛለሁ። ውኃው ይወርዳል፣ ያልፋል። «በል ተንፍስ» ትለኛለች። በሕልሜ ውስጥ ግን ድንጋዩም ውኃውም እያሉ ከፊቴ ማንም አልነበረም። መቼ ትንፋሼን እንደምይዝ የሚነግረኝ ሳይኖር ውኃው ሊወርድ ሲል እየጮኽኩ እነቃለሁ። እትዬ ዘውዴ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እያደረገች «አለሁ፣ አለሁ» ትለኛለች።

በመጨረሻ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ፤ በድምፅ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው መሣሪያ ነው። የሚያነሣኝ ባለሙያ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ሰፈሬ ይጠይቀኛል። መሣሪያውን ከቀኝ ጎድኔ ሥር ሲያደርስ ጨዋታው ቆመ። ደጋግሞ እዚያው ቦታ ተመላለሰ። ከዚያም፣ በሀገራችን ማንም ሕመምተኛ ሊሰማው የማይፈልገውን ጥያቄ ጠየቀኝ፦

«ከቤተሰብ አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?»

እትዬ ዘውዴ ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ጉበትህ ትንሽ ተቆጥቷል አሉ። ጠበል እየጠጣህ ማረፍ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ቸር ሆነብኝ። በውርስ ጉዳይ ያኮረፈኝ የአጎቴ ልጅ ብርቱካን ይዞ መጣ። አከራዬ የግቢው በር ሲዘጋ እንዳይጮኽ ዘይት አስቀቡት። እኔ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ በሌላው ክፍል ያንሾካሹካሉ። ሕመምተኛውን እንዳይደነግጥ ብሎ ማታለል የእኛ ደግነት ነው፤ ከፍቅር የመጣ መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን የሚታለለው ሰው ውሸቱን ካወቀ፣ ከሕመሙ ጋር ብቻውን ይቀራል። እኔ በእርግጠኝነት ያወቅሁት በፍስሐ ነው። ፍስሐ መቀለድ አቆመ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የአጎቴን ልጅ ብርቱካን ይልጥልኝ ነበር።

«እስቲ አንድ ቀልድ ንገረኝ» አልኩት።

«ምን ቀልድ?»

«የፈለግኸውን። በእኔ ላይም ቢሆን።»

ጥቂት ላጠ። «ዛሬ አልመጣልኝም።»

«ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹን አስቀህ የተባረርክ ሰውዬ፣ ዛሬ አልመጣልህም?»

«እትዬ ዘውዴ ትገድለኛለች፣ ደረጀ።»

«ካልነገርከኝ እኔ እገድልሃለሁ።»

«አንተ? በዚህ አቅምህ ዝንብ እንኳ ይቅርታ ሳትጠይቃት አታባርርም» አለ። ሳቁ ከአፉ ሳይወጣ ለቅሶ ሆነበት። ብርቱካኑን ሳህን ላይ አስቀመጠው።

«ጉበትህ ላይ የሆነ ነገር አለ። ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ መግል የቋጠረም ሊሆን ይችላል፣ በመርፌ ካልታየ አይለይም ነው ያሉት። እትዬ ‹ዕጢ› ከሚለው ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ‹ብረት አይነካውም› ብላቸው ወጣች።»

ዕጢ ብረት ከነካው ይቆጣል፣ ይሰራጫል የሚለውን ያልሰማ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በእኛ ቤት ግን ከወሬም በላይ ነበር። አባታችን ሆዳቸው ውስጥ እብጠት ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ፣ ሐኪሞቹ ከፍተው አይተው መልሰው ዘጉት፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ገና ልጅ ስለነበርኩ ፈቃዱን የሰጠችው እትዬ ዘውዴ ነበረች።

ጠበሉን በብርጭቆ ይዛ ስትገባ «እትዬ፣ እንሂድ» አልኳት።

«ወዴት?»

«መርፌው ጋ።»

ብርጭቆውን አላስቀመጠችም። «ማነው የነገረህ?»

«ፍስሐ መቀለድ አቆመ።»

«ያ አፈ ቀላል!»

«መርፌ እኮ ነው፣ እትዬ። ቢላ አይደለም።»

«ያው ብረት ነው፣ ደረጀ።» ስሜን ጠራች። ከዚያም ድምፅዋ ወረደ፤ «አባባን ፈርሜ ነው የሰጠኋቸው። ሁለተኛ አልፈርምም።»

«አንቺ አትፈርሚም። ጉበቱ የእኔ ነው፣ እኔ እፈርማለሁ።»

ጠበሉን አቀብላኝ ወጣች። በማግሥቱ ግን ፍስሐ የሰው መኪና ለምኖ ሲመጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከእኔ ቀድማ ገባች።

የተላክሁበት ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ክፍሉ ከምድር በታች ነው፤ ወይም መስኮት ስለሌለው እንደዚያ መስሎኝ ይሆናል። በሩ ላይ «ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ» ይላል። ራዲዮሎጂ የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያይ ሕክምና መሆኑን አውቅ ነበር። እዚህ ግን የሚያዩት ሰዎች እያዩ ያክማሉ፤ ሆድ ሳይከፍቱ በመርፌና በቀጭን ቧንቧ፣ መንገዱን በስክሪን ላይ እየተከተሉ ችግሩ ያለበት ድረስ ይደርሳሉ። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያው አግዳሚ ወንበር ነው።

ከአጠገቤ ዓይናቸው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ተቀምጠዋል። «የሐሞቴ መውጫ ተዘግቶ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ሐሞት መንገድ ሲያጣ ወደ ደም ይገባል አሉኝ፤ ስታከክ አደርኩ። ዛሬ በጎኔ በኩል ቀጭን ቧንቧ አስገብተው ወደ ውጭ ሊያፈሱልኝ ነው። ስንት ዓመት መንገድ ሲዘጋብኝ ዞሬ ስሄድ ኖሬ፣ አሁን ለሐሞቴ ተለዋጭ መንገድ ሊከፈት!»

ከእሳቸው ቀጥሎ የኩላሊት እጥበት የምታደርግ ወጣት ሴት ነበረች፤ ለእጥበቱ የተዘጋጀላት የክንዷ ደም ሥር ጠብቦ ማሽኑ ደም መሳብ አቅቶታል። «ትንሽ ፊኛ በውስጡ ያስገቡና ነፍተው ያሰፉታል» አለችኝ፣ ፀጉሯን ልትሠራ እንደመጣች ሁሉ ተረጋግታ። «ባለፈው ጊዜም አድርገውልኛል። ይነዝራል እንጂ ያን ያህል አያምም። ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ ሲጨፍኑት ነው የሚያስፈራው።» ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ያለ ጎረቤቷንም በዚሁ ክፍል፣ በጭኗ የደም ሥር በኩል ገብተው የሚደማውን ሥር ከውስጥ ደፍነው እንዳዳኗት ነገረችኝ። እያወራች ሳለ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ብርዱ ተመልሶ ነበር። ሰዎቹ ላይ እንዳልወድቅ ተንከባላይ አልጋ አምጥተው አስተኙኝ።

ዶክተሯ ወጣት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። ስለ መርፌው፣ ሊደማ ስለሚችልበት ሁኔታ፣ ለምን የደም መርጋት ምርመራ እንዳዘዘች አስረዳችኝ፤ ፈረምኩ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ስሜ የሌላ ሰው ስም መሰለ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች።

«እናቴ፣ እርስዎ አልተስማሙም አሉኝ።»

«የእኔ መስማማት ምን ያደርጋል? ፈረመላችሁ አይደል።»

«የእርስዎም ጭንቀት ይገባኛል። ምን አስፈራዎት?»

እትዬ ዘውዴ ስለ አባታችን ነገረቻት። ዶክተሯ ሳታቋርጥ ሰማች።

«አባትዎን የጎዳቸው መከፈታቸው አይመስለኝም» አለች። «ሲከፈቱ ሕመሙ ቀድሞ ተሰራጭቶ አይተው ነው የዘጉት። በመርፌ እንዳይነካ የምንጠነቀቅለት የዕጢ ዓይነት አለ፤ እሱን አልደብቅዎትም። ለዚህ ነው ምስሉን ደጋግመን የምናየው። የወንድምዎ ግን ውስጡ ፈሳሽ ይመስላል። መግል ከሆነ ዛሬውኑ እናወጣዋለን። ካልተነካ ግን ወደ ሆድ ሊፈነዳ ይችላል።»

«ካልተነካ?» ስትል እህቴን ሰማኋት።

«ካልተነካ ነው የሚያስፈራኝ፣ እናቴ።»

ፍስሐ ጎድሏል የተባለ ዕቃ ሊገዛ ውጭ ወዳለው ፋርማሲ ተላከ። እኔን ወደ ውስጥ ገፉኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በሁለት መንገድ አውቀዋለሁ፤ እንደተነገረኝና እንዳየሁት። ሁለቱ ለብዙ ጊዜ አልገጠሙልኝም።

እንደተነገረኝ ከሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፣ ቆዳዬን በማደንዘዣ አደነዘዙት፣ በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ መርፌውን አስገቡ፣ ቀጥሎ በመርፌው መንገድ ቀጭን ቧንቧ አሳልፈው በራጅ ቦታውን አረጋገጡ። አለቀ።

እንዳየሁት ግን ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። ከጎኔ ባለው ስክሪን ላይ ግራጫ ደመና ይታያል፤ በደመናው መካከል ጥቁር ኩሬ አለ። ኩሬው ከትንፋሼ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ጉበት ከትንፋሽ ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ መርፌው ሲገባ ትንፋሽ መያዝ እንዳለብኝ ዶክተሯ ውጭ ነግራኝ ነበር። «አቶ ደረጀ፣ ትንፋሽ ይያዙ» ስትል ይሰማኛል። አቶ ደረጀ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ለምን መልስ እንደማይሰጣት እየገረመኝ ከጊዮርጊስ ቁልቁል መውረድ ጀመርኩ። ወርቅ ቤቶቹ በርተዋል። ጎረቤቶቻችን እጅ ነሡኝ። በሩን ከፈትኩ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውኃው ከላይ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ልነሣ ስል የሚይዙኝ እጆች በዙ። ከሩቅ «እንዲህ ከተንቀሳቀሰ አንችልም» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ በሕልሜ ሁሉ ባዶ በነበረው ቦታ አንዲት ሴት መጣች። ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ጥቁር ሰማያዊ ከባድ ካባ ለብሳለች። ከነጠላዋ ጋር ካባው አይሄድም ብዬ አሰብኩ። እግሬ ሥር ቆማ በሁለት እጇ ግራ እግሬን ጨበጠች።

«ማሙሽ! ትንፋሽህን ያዝ!»

ያዝኩ።

ውኃው ወረደ። እንደፈራሁት ራሴ ላይ አልነበረም፤ በቀኝ ጎኔ በኩል አለፈ፣ ቀዝቃዛም አልነበረም።

«ያዝ፣ ያዝ፣ ጎበዝ... በል ተንፍስ።»

ተነፈስኩ። ከደመናው ውስጥ ያለው ጥቁር ኩሬ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሲሄድ አየሁ። «መግል ነው» አለች ዶክተሯ። ቃሉ አስቀያሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ከእሱ ያማረ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ስነቃ ከጎኔ ቀጭን ቧንቧ ወጥቶ ከአንድ ከረጢት ጋር ተያይዟል፤ በከረጢቱ ውስጥ በርበሬ የተበጠበጠበት የሚመስል ቡናማ ፈሳሽ አለ። ናሙናው ሲመረመር የካንሰር ምልክት አልተገኘበትም። በአንጀት በኩል የገባ አሜባ ወደ ጉበት ተጉዞ የቋጠረው መግል ነው ተባለ፤ ለእሱ የሚሆን መድኃኒት ተሰጠኝ። ትኩሳቱ እንግዳ ሆኖ ከርሞ ሳይሰናበት እንደሚሄድ ሰው ሹልክ ብሎ ጠፋ። አንድ ጠዋት ራበኝ። የመራብን ደስታ የሚያውቀው ያጣው ብቻ ነው።

ፍስሐ ከረጢቱን አየት አደረገና ሙያው ተመለሰለት።

«ታድለሃል። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አንተ የግል ቧንቧ ገብቶልህ ሃያ አራት ሰዓት ይፈስልሃል!»

ስስቅ ጎኔን አመመኝ። እትዬ ዘውዴ «ዝም በል አንተ፣ ስፌቱን ታስፈታዋለህ» ስትለው፣ ስፌት እንደሌለኝ፣ ያለኝ ከአንድ ሽምብራ የማትበልጥ ቀዳዳ ብቻ እንደሆነች አስረዳኋት። ፋሻውን ራሷ ገልጣ እስክታይ አላመነችም። ቧንቧው እስኪወጣ ድረስ ግቢ ውስጥ ስንሸራሸር ከረጢቱን በነጠላዋ ሸፍና የምትይዝልኝ እሷ ነበረች።

ከእነዚህ ሽርሽሮች በአንዱ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ ነበር?»

«የት ክፍል?»

«መርፌው ሲገባ። እግሬን ይዘሽ።»

«እኔ? ዶሮ ሲታረድ ራሴን የምስት ሴትዮ?» ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። «ትኩሳት ነው፣ ማሙሽ። ስንቱን ስትቀባጥር ነበር። ወርቅ ቤቱን አትዝጉብኝ ብለሃል።»

ፍስሐን ጠየቅሁት፤ ፋርማሲ ወረፋ ላይ ስለነበር አያውቅም። እህቴ እውነቷን ነው፤ ደም ማየት አትችልም። ከአባታችን በኋላ «ሁለተኛ አልፈርምም» ያለች ሴት፣ ብረቱ እንዲገባ ትንፋሼን እንድይዝ የምታዘኝ እንዴት ሆና ነው? የሌለ ቤት በር የሚከፍት አእምሮ፣ የሌለች እህት እግር ሥር ማቆም አያቅተውም። ሴትዮዋን ከፈረሱት ቤቶች፣ ከበሩት ወርቅ ቤቶችና እጅ ከነሡኝ ሙታን ጋር መደብኳት። አዝኜ ነበር ማለት እችላለሁ።

ቧንቧው ከወጣልኝ በኋላ ለክትትል ተመልሼ ሄድኩ። በስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ኩሬ የነበረበት ቦታ ላይ ጠባሳ የምታህል ጥላ ብቻ ቀርታለች። ከክፍሉ ስወጣ የዚያን ቀን አብራ የነበረች ነርስ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ።

«እህትዎ ደኅና ናቸው?» አለችኝ እየሳቀች። «የእኛን ልብስ ለብሰው አስፋልት ሊወጡብን ነበር እኮ!»

«የምን ልብስ?»

ከበሩ ኋላ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለውን አሳየችኝ፤ ከጨረር የሚከላከል፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከአንገት እስከ ጉልበት የሚደርስ ከባድ ልብስ ነበር። በእጄ አነሣሁት፤ ከበደኝ።

«ሲስተር፣ የሆነውን ንገሪኝ። ትዝ አይለኝም።»

«እርስዎ የዶክተርን ድምፅ አልሰማ አሉና እየተነሡ አስቸገሩን፤ ልናቆመው ነበር። ዶክተር ወጥታ እህትዎን ‹የሚሰማው እርስዎን ብቻ ይሆናል› አለቻቸው። ፊታቸው ደም አልነበረውም፤ ይወድቃሉ ብዬ ከኋላ ቆምኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ‹ትንፋሽህን ያዝ› ያሉዎት። መግል ነው ሲባል እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን ያዝኩ፤ ሌላ ሕመምተኛ ነበረን። ከዚያ ‹ለእሱ እንዳትነግሩት› አሉን። ውይ፣ አሁን ነገርኩዎት!»

በእግሬ በፒያሳ በኩል ተመለስኩ። ሰፊው መንገድ ሰፊ፣ ሣሩም ሣር ነበር፤ ቤታችን የለም። እትዬ ዘውዴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «ምን አሉህ?» አለች። «ድነሃል አሉኝ» አልኳት። ያወቅሁትን አልነገርኳትም። ብረቱን ያስገባችው እሷ እንዳልሆነች ለራሷ ማለት ከፈለገች፣ መብቷ ነው። ያንን ሸክም ለእኔ ስትል እንዴት እንደተሸከመች ግን እኔ ላውቀው ይገባኝ ነበር።

ነርሷን ከመለየቴ በፊት እህቴ የያዘችው የትኛውን እግሬን እንደ ነበር ጠይቄ አመሳክሬአለሁ። ልጅ ሆኜ ጠበሉ ላይ፣ በሕልሜም ያን ቀን የተጨበጠው ግራ እግሬ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እህቴ የያዘችው ቀኝ እግሬን ነው።